ካስማ በጭቃ፣ ካስማ በድንጋይ

የእድሩ ጥሩምባ በሌሊት ሲነፋ ሁላችንም እንነቃለን። ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሲነጋ ሥራው ይከፋፈላል። ገሚሱ መቃብር ይቆፍራል። ገሚሱ እንጨት ይፈልጣል። ሴቶቹ ውኃ ይቀዳሉ፣ ንፍሮ ይቀቅላሉ። ጎረምሶቹ ደግሞ ድንኳኑን ከእድሩ ዕቃ ቤት ተሸክመው ይመጣሉ። ለቀስተኛ ሳይበዛ ድንኳኑ መቆም አለበት።

ሞት ግን ወር አይመርጥም። መሬትም አይመርጥም። የሟቹ ቤት ዳገት ላይ ይሆናል። ወይም ደጁ ረግረግ ነው። ወይም ከተማ መሀል ነው፤ ደጁ አስፋልት ነው። ወሩ ሐምሌ ከሆነማ ምኑ ይወራል!

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሰቃ፣ በሊሙ ገነት ያሉ ሰዎች ይህን ችግር አሳምረው ያውቁታል። ሠርግም ቢሆን ያው ነው። ጥምቀትም ያው ነው። ታቦቱ የሚያድርበት ድንኳን የሚተከለው ከውኃ አጠገብ ነው። ከውኃ አጠገብ ያለ መሬት ደግሞ ርጥብ ነው።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ካስማ ምን ያህል ነገር ነው? አንድ ቁራጭ እንጨት ነው። ነገር ግን ካስማው ሲነቀል ድንኳኑ ይወድቃል። ምሰሶው ሰው ይመታል። ከሥር ምድጃ ካለ እሳት ይነሳል። ሐዘን የገባበት ቤት ሌላ ሐዘን ይጨመርበታል።

ስለ አፈሩ

የጅማ አገር አፈር አብዛኛው ቀይ ነው። ጥልቅ ነው። ቡና ይህን አፈር ይወደዋል። ሥሩ ወደ ታች ይገባበታል፤ ውኃም አይተኛበትም። ካስማም ይስማማዋል። ሆኖም በሁለት ጊዜ ያስቸግራል።

በጥርና በየካቲት ፀሐይ ሲመታው ላዩ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። የእንጨት ካስማ ቢመቱት ራሱ ይሰነጠቃል እንጂ አይገባም። በክረምት ደግሞ ላዩ ይላቁጣል። ካስማው ያለ ድካም ይገባል። ጎረምሶቹ ደስ ይላቸዋል። እንደ ገባ ግን እንዲሁ ይወጣል።

በጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይዘንባል። ይህ ቁጥር ምን ማለት ነው? ርዝመቷ አንድ ሜትር፣ ወርዷም አንድ ሜትር የሆነች ቦታ በዓመት 1,500 ሊትር ውኃ ትቀበላለች ማለት ነው። ያውም በክረምት ብቻ አይደለም። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ መጣ ሄደት ይላል።

የወንዝ ዳር መሬት ጠባዩ ሌላ ነው። በጅማ ከተማ መሀል የአዌቱ ወንዝ ያልፋል። ከከተማው ዳር የቦዬ ረግረግ አለ። ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ጥቁር አፈር ይገኛል። ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። በበጋ ስንጥቁን አይቶ «ቀዳዳ አገኘሁ» ብሎ ካስማ የሚተክል ሰው አይጠፋም። ስንጥቅ ግን ካስማ አይዝም። ከስንጥቁ አንድ እርምጃ መራቅ ነው።

ካስማ ምን ያደርጋል?

ድንኳን ትልቅ ጨርቅ ነው። ነፋስ ጨርቅ ሲያገኝ ይገፋል። ከሥሩ ከገባ ደግሞ ወደ ላይ ያነሳል። ነፋሱ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ጠዋት ዝም ብሎ የቆመ ድንኳን ከሰዓት በኋላ የሚነቀለው ስለዚህ ነው።

ጨርቁ ገመዱን ይጎትታል። ገመዱ ካስማውን ይጎትታል። ካስማውን ደግሞ የሚይዘው አፈሩ ነው። ምሰሶ ብቻውን ድንኳን አያቆምም። ምሰሶ ወደ ላይ ይደግፋል። ድንኳኑን ከመሬት ጋር አስሮ የሚይዘው ካስማ ነው።

አገራችን ይህን ሥራ ከጥንት ጀምሮ ታውቀዋለች። በ1520 እ.ኤ.አ. አልቫሬዝ የተባለ የፖርቱጋል ቄስ ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ዘንድ መጥቶ ነበር። ያየውንም በመጽሐፍ ጻፈ። የንጉሡ ከተማ የድንኳን ከተማ ነበር። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ይተከላል። የእያንዳንዱ ድንኳን ቦታ በቀኝና በግራ የታወቀ ነበር። ይህን ሁሉ ድንኳን የተከሉት ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም። ዳገቱንና ጭቃውን ግን እነሱ ናቸው የሚያውቁት። በእኛም አገር በአባ ጅፋር ዘመን ሲራራ ነጋዴዎች ከየአቅጣጫው ወደ ሂርማታ ገበያ ይመጡ ነበር። እነሱም በየሰፈሩበት ድንኳን ይተክሉ፣ በቅሎ ያስሩ ነበር። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዛሬም በጅሬን ኮረብታ ላይ ይታያል።

በጭቃ ላይ

በአንድ የቡና መንደር ያየነውን እንንገራችሁ። ወሩ ነሐሴ ነው። የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። ለቀስተኛው ሞልቷል። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ከዝናቡ በፊት ነፋስ መጣ። በነፋሱ በኩል ያለው አንዱ ካስማ ተነቀለ። ወዲያው የጎኑ ተነቀለ። ከዚያ ሦስተኛው። ለምን ተከታተሉ? የመጀመሪያው ካስማ ይዞት የነበረው ኃይል ወደ ጎረቤቱ ስለ ዞረ ነው። ጎረቤቱም አልቻለውም። ሴቶች «ምሰሶውን! ምሰሶውን!» እያሉ ጮኹ። ሰዎች ተረባርበው ያዙት። አንዲት እናት ትከሻቸውን ተመቱ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዚያ የከፋ አልመጣም።

ዝናቡ ሲያባራ አንድ ሽማግሌ መጡና ካስማዎቹን ዞረው አዩ።

«ልጆቼ፣ ማነው እንዲህ ቀጥ አድርጎ የተከለው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ። መሬቱ ለስላሳ ነው ብዬ ነው።»

«ለስላሳ ስለሆነማ ነው ዘመም የሚደረገው! ራሱ ከድንኳኑ ይሽሽ። ጫፉ ወደ ድንኳኑ ይግባ። አሁን ገባህ?»

«ገባኝ፣ አባባ።»

«ገመዱንስ የት አሰርከው?»

«ከራሱ ላይ።»

«ከራሱ ላይ ካሰርከው እኮ ገመዱ እንደ ዲጂኖ ይፈነቅለዋል። ዝቅ አድርገህ፣ ከአፈሩ አጠገብ እሰረው።»

ሽማግሌው የተናገሩት ትክክል ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው። ዘመም ያለ ካስማ ሲጎተት ብዙ አፈር ይገጥመዋል። ከአፈሩ አጠገብ የታሰረ ገመድ ደግሞ ካስማውን ለመገልበጥ ጉልበት ያጣል።

ካስማው ከምሰሶው ምን ያህል ይራቅ? የጎኑ ምሰሶ ቁመት ሁለት ሜትር ከሆነ፣ ካስማው ከምሰሶው ሥር ቢያንስ ሁለት ሜትር ይራቅ። ቦታ ካለ ከዚያም በላይ ማራቅ ጥሩ ነው። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ወደ ምሰሶው ማስጠጋት ጉዳት አለው። ገመዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይጎትታል፤ ካስማውንም እንደ ካሮት ይነቅለዋል።

በጭቃ ላይ አጭር ካስማ አይረዳም። ክንድ ከስንዝር ይሁን። ክንድ ተኩል ቢሆን ይበልጣል። ላዩ ቢላቁጥም ከታች ያለው አፈር ጠንካራ ነው። ካስማው እዚያ መድረስ አለበት።

ረጅም ካስማም አልይዝ ካለ ሁለት ካስማ እንጠቀማለን። እንዲህ ነው የሚደረገው። አንዱን ካስማ እንደተለመደው እንተክላለን። ሁለተኛውን ከእሱ በስተኋላ፣ በገመዱ አቅጣጫ፣ አንድ እርምጃ አርቀን እንተክላለን። ከዚያ የፊተኛውን ራስ ከኋለኛው እግር ጋር በአጭር ገመድ አጥብቀን እናስራለን። ልብ በሉ፦ ከፊተኛው ራስ ወደ ኋለኛው እግር ነው። ከራስ ወደ ራስ ካሰሩት ሁለቱም ተያይዘው ይወድቃሉ። በትክክል ከታሰረ ግን የኋለኛው የፊተኛውን ወደ ኋላ ይዞ ያስቀረዋል።

ረግረግ ላይ ይሄም አይበቃም። እዚያ የሚያዋጣው ግንድ መቅበር ነው። ክንድ ወይም ክንድ ተኩል የሚሆን ወፍራም እንጨት እንፈልጋለን። ገመዱን ከእንጨቱ ወገብ ላይ እናስራለን። ከገመዱ ጋር መስቀለኛ የሆነ ጉድጓድ እስከ ጉልበት ድረስ እንቆፍራለን። እንጨቱን አጋድመን እናስገባለን። ገመዱ የሚወጣበትን መንገድ ወደ ድንኳኑ ሰያፍ አድርገን እንቆርጥለታለን። አፈሩን መልሰን በእግራችን እንረግጣለን። ይህን ለመንቀል በላዩ ያለውን አፈር ሁሉ ማንሳት ያስፈልጋል። ቁፋሮው አድካሚ ነው፤ አንዋሽም። ለአራቱ ማዕዘን ብቻ ቢደረግም ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ካስማው እንጨትም እንናገር። ለካስማ ወይራ የሚያህል የለም። ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚገኘው ግንድም ጠንካራ ነው፤ ብዙ ሰው ማገዶ ያደርገዋል እንጂ። የዋንዛ እንጨት ለበር ያምራል፤ ለካስማ ግን ቀላል ነው። ባሕር ዛፍ ሲመታ ይሰነጠቃል። የካስማውን ራስ ዙሪያውን ትንሽ ጠረብ ማድረግ መሰንጠቁን ይቀንሳል። ካስማ መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ምስጥ ይበላዋል።

በድንጋይ ላይ

ጠንካራ መሬት ላይ የእንጨት ካስማ አያዋጣም። ብረት ያስፈልጋል። በየከተማው ያሉ በያጆች ከፌሮ ካስማ ይሠራሉ። ወፈር ያለ ፌሮ ይሁን። ራሱን እንዲያጥፉት ንገሯቸው፤ ገመዱ እንዳያመልጥ ነው። ለጭቃ ግን ክብ ፌሮ አይሆንም፤ ሾልኮ ይወጣል። ለጭቃ በያጆች አንግል የሚሉት ሁለት ጎን ያለው ብረት ይሻላል።

በየካቲት ወር መሬቱ እንቢ ካለ በዲጂኖ ቀዳዳ ጀምሩለት። ቀዳዳው ግን ከካስማው የጠበበ ይሁን። ከሰፋ ካስማው ይንቀጠቀጣል። ውኃ አፍስሶ ማለስለስም አለ። ማታ ትንሽ ውኃ ያጠጡት መሬት ጠዋት ይቀበላል። ለቅሶ ግን እስከ ማታ አይጠብቅም፤ ይህ ለሠርግ ነው የሚሆነው።

ካስማው ድንጋይ ሲነካ ድምፁ ይለወጣል። ያኔ መዶሻውን ማሳረፍ ነው። ካስማውን አውጥታችሁ አንድ ስንዝር ወደ ጎን ሞክሩ። ድንጋይ ላይ የተደበደበ ካስማ ይጣመማል። ከመዶሻው የሚፈነጠር ስባሪም ዓይን ያጠፋል። ሕፃናት እዚያ አይቁሙ።

መሬቱ ጭራሽ አለት ከሆነስ? ያኔ በካስማ ፈንታ ክብደት እንጠቀማለን። አንድ ረዘም ያለ እንጨት በመሬቱ ላይ አጋድመን ገመዱን እናስርበታለን። በእንጨቱ ላይ ትልልቅ ድንጋይ እንቆልላለን። ወይም የቡና ጆንያ አፈር እንሞላለን። ጆንያውን እስከ አፉ አትሙሉት፤ ሁለት ሰው እንኳ አያነሳውም። ግማሹ ይበቃል፤ ቁጥሩን ማብዛት ይሻላል።

አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ካስማ መምታት ነውር ነው እንላለን። መንገዱ የሁላችን ነው። አንድ ኮብልስቶን ከተነቀለ ጎኑ ያለውም ይላላል። በጎርፍ ጊዜ መንገዱ ተጠርጎ ይሄዳል። እዚያ በርሜል ይሻላል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። ስለዚህ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል በውኃ ሲሞላ 200 ኪሎ ይሆናል። አሸዋ ከተሞላ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ገመዱ ከበርሜሉ እግር በኩል ይታሰር። ከአፉ በኩል ከታሰረ ነፋሱ ይገለብጠዋል።

በከተማ ሌላም ጥንቃቄ አለ። ከመሬት በታች የውኃ ቧንቧ አለ። አንዳንድ ቦታም የመብራት ሽቦ አለ። ካስማ ከመምታት በፊት የቤቱን ባለቤትና ጎረቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዛፍና ገመድ

ትልቅ ዛፍ ካለ እሰየው። የዋንዛም ሆነ የብሳና ግንድ ከካስማ ሁሉ ይበልጣል። ልጡ እንዳይላጥ ከገመዱ ሥር ጆንያ መጠቅለል ነው። የቡና ዛፍ ላይ ግን አትሰሩ። አብዛኛው ቀጭን ሥሩ ከመሬቱ ላይኛው ክፍል ነው ያለው። ነፋሱ ድንኳኑን ባወዛወዘ ቁጥር ዛፉ ይነቀነቃል፤ ሥሩ ይበጠሳል። የሦስት ቀን ለቅሶ የስንት ዓመት ቡና ያደርቃል። ከቡናው ሥር ካስማ መምታትም ያው ነው።

ገመዱም እንደ ዓይነቱ ነው። የቃጫ ገመድ ሲረጥብ ያጥራል። ጠዋት በደረቅ ጊዜ አጥብቃችሁ ካሰራችሁት፣ ዝናብ ሲመጣ ይወጠርና ካስማውን ይነቅለዋል። ወይም ራሱ ይበጠሳል። ስለዚህ ዝናብ ሲያስገመግም የቃጫውን ገመድ ትንሽ ላላ ማድረግ ነው። ናይሎን ተቃራኒ ነው። ሲረጥብ ይለጠጣል፤ ድንኳኑም ይረግባል። እሱን በዝናብ ጊዜ ማጥበቅ ያስፈልጋል። አንድ ድንኳን ላይ ሁለቱን ቀላቅሎ ማሰር ግራ ያጋባል። ማታ አንድ ሰው ፋኖስ ወይም ባትሪ ይዞ ገመዱን ሁሉ ይዙር። ነጭ ጨርቅም ገመዱ ላይ እሰሩበት። ለቀስተኛ እንባ ይዞት ሲመጣ ገመድ አይታየውም።

ድንኳኑ ሲረግብ ውኃ በላዩ ይተኛል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆነ ቦታ ላይ አሥር ሳንቲ ሜትር ውኃ ቢተኛ 100 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ኩንታል በሰው ራስ ላይ ተሰቀለ ማለት ነው! ከሥር በዱላ ቀስ አድርጎ ገፍቶ ማፍሰስ ነው፤ በስለት አይነካም።

ዳገት ላይ ከሆነ ደግሞ ከድንኳኑ በላይ በኩል ቦይ ይቆፈር። ጎርፉ ወደ ጎን ይዞራል። ቦዩ ካስማዎቹን እንዳይነካ ይራቅ፤ አለዚያ ካስማው የያዘውን አፈር ራሳችን ቆፈርነው ማለት ነው። መብረቅ ካለ ግን ካስማም ቦይም አይረዳም። የብረት ምሰሶ ካለው ድንኳን ወጥቶ ቤት መግባት ነው።

ስለ መውጫው

አንዳንዱ ሰው ብርድ ፈርቶ የድንኳኑን ጎን ዙሪያውን በካስማ ይቸነክራል። ይህ አደገኛ ነው። እሳት ቢነሳ ሰው በየት ይወጣል? በ1989 ዓ.ም. በመካ አጠገብ በሚና የሐጅ ተጓዦች ድንኳን ላይ እሳት ተነሳ። ነፋሱም አባባሰው። ከ340 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ እዚያ እሳት የማይበላው ድንኳን ተተከለ። የእኛ እድሮች እንዲህ ያለ ድንኳን የላቸውም። የእኛ ሸራ ይነዳል። ስለዚህ ቢያንስ በሁለት ወገን ሰፊ መውጫ ይተው። ምድጃው ከድንኳኑ ውጭ፣ ነፋሱ ጭሱን ወደ ሌላ በሚወስድበት በኩል ይሁን። የከሰል ማንደጃ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ አስቀምጦ ማደርም ይገድላል። የከሰል መርዝ ሽታ የለውም።

ሲነቀል

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ይነሳል። ካስማን ግራና ቀኝ እየመቱ ማውጣት ቀዳዳውን ያሰፋል፤ ካስማውንም ያጣምማል። ይልቅ ከራሱ ሥር ገመድ አስገብቶ፣ በገባበት መስመር ወደ ኋላ መሳብ ይቀላል። ቀዳዳው በአፈር ይደፈን። ሸራው ርጥብ ከሆነ ሳይደርቅ አይታጠፍ፤ ይሻግታል። በክረምት ፀሐይ ከጠፋ በዕቃ ቤቱ ውስጥ በገመድ ላይ ይሰቀል።

ካስማ ይጠፋል። በእድር ስብሰባ ላይ ስንት ጊዜ ጭቅጭቅ አስነስቷል! ዛሬ ግን ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው በየቤቱ አለ። አንድ ደብተር በዕቃ ቤቱ በር ላይ ይንጠልጠል። ቀኑ ይጻፍ። የወጣው ይጻፍ፤ የገባው ይጻፍ። ለምሳሌ እንዲህ፦

ካስማ 24 ወጣ። ካስማ 23 ገባ። የተረከበው ሰው ፊርማ።

አንዱ ጎድሏል። ሣር ውስጥ ነው ያለው፤ ጫፉም ሹል ነው። ከብቱ ሳይሰማራ፣ ልጆችም በባዶ እግራቸው ወደ ሜዳው ሳይሮጡ አንድ ሰው ሄዶ ይፈልገው።